ክርክሩ ከድርድሩ ይቅደም፦ የዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ በብሪታንያ የምንገኝ የኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ማኅበራችን አባላት፣
ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ እንግዶች፣
ክቡራትና ክቡራን፦

እንኳን ለዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ። ሱቃችሁን ዘግታችሁ፣ ከለንደን ውጭ ያላችሁትም ረዥም መንገድ ተጉዛችሁ ስለመጣችሁ በሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴውና በራሴ ስም ከልብ አመሰግናለሁ። የዓመቱ የሥራ ክንውንና የሒሳብ ሪፖርት ከእኔ በኋላ በዝርዝር ስለሚቀርብ ወደዚያ አልገባም። የምናገረው አስመጪውንም፣ ባለ ሱቁንም፣ ምግብ ቤት ያለውንም እኩል ስለሚነካ አንድ ጉዳይ ነው። ይኸውም ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት የወጣችበት ድርድር በሕዝብ ዘንድ እንዴት ባለ ክርክር እንደታጀበ፣ ዛሬ ከኅብረቱ ጋር እንደገና በተከፈተው ንግግር ላይም የእኛ ማኅበር ምን ማድረግ እንደሚገባው ነው።

ቀኖቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ። ጁን 23 ቀን 2016 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ፣ ድምፅ ለመስጠት ከተመዘገበው ሕዝብ 72 በመቶው ወጥቶ ድምፅ ሰጥቷል። ከዚህም ውስጥ 51.9 በመቶው አገሪቱ ከኅብረቱ ትውጣ ሲል 48.1 በመቶው ትቆይ ብሏል። ወረቀቱ ላይ የነበረው ጥያቄ መቆየትንና መውጣትን ብቻ የሚመለከት ነበር። ከወጣች በኋላ እንደ ኖርዌይ ከጋራ ገበያው ሳትለይ ትቀጥላለች ወይ፣ እንደ ቱርክ በጉምሩክ ኅብረት፣ ማለትም ለውጭ ዕቃ አንድ ዓይነት ቀረጥ በመጣል፣ ብቻ ትተሳሰራለች ወይ፣ ወይስ እንደ ካናዳ ከሩቅ ሆና የነጻ ንግድ ስምምነት ትፈርማለች የሚለው በወረቀቱ ላይ አልነበረም፤ በምረጡኝ ዘመቻውም ጎልቶ አልተሰማም። ጎልቶ የተሰማው በአንድ ወገን የመውጣት ደጋፊዎች በአውቶቡስ ላይ የጻፉት፣ ለኅብረቱ በሳምንት 350 ሚሊዮን ፓውንድ እንልካለን የሚለው ነው፤ የአገሪቱ የስታቲስቲክስ ባለሥልጣን ራሱ አሳሳች ነው ያለው አኃዝ ነበር። በሌላው ወገን ደግሞ የገንዘብ ሚኒስትሩ መውጣት ካሸነፈ ግብር የሚጨምርና ወጪ የሚቀንስ አስቸኳይ በጀት አቀርባለሁ ብለው ያስጠነቀቁት ነበር፤ ያ በጀት አልመጣም። አንዱ በተስፋ፣ ሌላው በፍርሃት ሲናገር፣ ይህን ለማግኘት የትኛውን ለመተው ፈቃደኞች ነን የሚለውን ጥያቄ ያነሡት ጥቂቶች ድምፃቸው ተውጦ ቀረ።

የመውጣት ደጋፊዎችን ሐሳብ አሳንሼ ማየት አልፈልግም። ሕጋችን በራሳችን ፓርላማ ይውጣ ማለት በየትኛውም አገር የሚከበር ሐሳብ ነው። ከእኛው ማኅበረሰብ መካከልም ትውጣ ብለው የመረጡ አሉ፤ ምክንያታቸውንም አውቃለሁ። ከ2012 ጀምሮ የብሪታንያ ዜጋ የሆነ ሰው የትዳር ጓደኛውን ከአዲስ አበባ ለማምጣት በዓመት ቢያንስ 18,600 ፓውንድ ገቢ እንዳለው ማሳየት ነበረበት፤ ከአውሮፓ ኅብረት አገር የመጣ ጎረቤቱ ግን ይህ ግዴታ አልነበረበትም። ከኅብረቱ ብንወጣ ሕጉ ለሁሉም ይስተካከላል፣ ለእኛም ይቀልልናል ብለው ተስፋ ያደረጉ ወንድሞችና እኅቶች ነበሩን። ሕጉ በርግጥ ተስተካከለ፤ ነገር ግን የተስተካከለው ሌላውንም በእኛው ግዴታ ሥር በማስገባት ነው። የገቢው ወለልም በኤፕሪል 2024 ወደ 29,000 ፓውንድ ከፍ አለ። ከእነዚህ ሰዎች ጋር ተቀምጦ፣ የምትፈልጉት ይህ ከሆነ መውጣት እንዴት ያመጣላችኋል ብሎ የመከረ አንድም ፓርቲ አላየሁም።

ከሕዝበ ውሳኔው በኋላ የሆነው ደግሞ ይበልጥ ያሳስበኛል። ጠቅላይ ሚኒስትር ቴሬዛ ሜይ ጃንዋሪ 17 ቀን 2017 በላንካስተር ሐውስ ባደረጉት ንግግር አገሪቱ ከጋራ ገበያውም፣ ከጉምሩክ ኅብረቱም፣ ከአውሮፓ ፍርድ ቤት ሥልጣንም እንደምትወጣ አስታወቁ። ፓርላማው በእነዚህ አቋሞች ላይ ገና ድምፅ አልሰጠም ነበር፤ እንዲያውም የመውጫውን ማስታወቂያ ለመስጠት የፓርላማ ፈቃድ ያስፈልጋል ብሎ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የወሰነው ከዚያ ንግግር ሳምንት በኋላ ነው። ማርች 29 ቀን 2017 በኅብረቱ ውል አንቀጽ 50 መሠረት ማስታወቂያው ገባ፤ ለመውጫው የተሰጠው የሁለት ዓመት ጊዜም መቁጠር ጀመረ። ካቢኔው ከኅብረቱ ጋር ስለሚኖረው የወደፊት ግንኙነት በአንድ አቋም ለመስማማት የተሰበሰበው ግን በጁላይ 2018 በጠቅላይ ሚኒስትሩ የገጠር መኖሪያ በቼከርስ ነበር፤ ያም ስምምነት በቀናት ውስጥ የብሬግዚት፣ ማለትም ከኅብረቱ የመውጣት ጉዳይ፣ ሚኒስትሩንና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩን አስለቅቋል። መንግሥት የሚገባበትን ቤት ሳይፈልግ የሚወጣበትን ቀን ለአከራዩ በጽሑፍ እንደሰጠ ተከራይ ሆኖ ነበር ወደ ድርድሩ የገባው።

በዲሴምበር 2017 የኅብረቱ ዋና ተደራዳሪ ሚሼል ባርኒዬ ለኅብረቱ መሪዎች ያሳዩትን አንድ ሥዕል ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል ብዬ አስባለሁ። ቁልቁል የሚወርድ ደረጃ ነው። በላይኛው እርከን ላይ የኅብረቱ አባልነት አለ፤ ከሥሩ ኖርዌይ፣ ስዊዘርላንድ፣ ዩክሬን፣ ቱርክ፣ ከታች ካናዳና ደቡብ ኮሪያ ተደርድረዋል። በየእርከኑ ጎን ብሪታንያ አልቀበልም ያለችው ነገር ተጽፏል፤ የሰዎችን ነጻ ዝውውር አልቀበልም ስትል ኖርዌይና ስዊዘርላንድ ይቀራሉ፤ የአውሮፓን ፍርድ ቤት አልቀበልም ስትል ዩክሬን ይቀራል፤ የራሴ የንግድ ፖሊሲ ይኑረኝ ስትል ቱርክ ይቀራል። መጨረሻ ላይ የሚቀረው የካናዳው ዓይነት ስምምነት ብቻ ነው። ሥዕሉ የተሠራው በተቃራኒው ወገን ስለሆነ የራሱ ዓላማ ነበረው፤ ይሁን እንጂ እያንዳንዱ እምቢታ ምን እንደሚያስከፍል ለመራጩ ሕዝብ እንዲህ ቁልጭ አድርጎ ማሳየት የነበረበት የለንደን መንግሥት ነበር።

መንግሥት ይህን ያላደረገበት ምክንያት የድርድር ምሥጢር ይጠበቅ በሚል ነበር። አቋማችንን በየዕለቱ አንገልጥም፣ ብንገልጥ ሌላው ወገን ይጠቀምበታል ተባለ። በንግድ ሥራ ላይ ያላችሁ ሁሉ እንደምታውቁት ይህ ሐሳብ ከንቱ አይደለም፤ የመጨረሻ ዋጋውን ለሻጩ አስቀድሞ የሚነግር ገዢ የለም። ነገር ግን የመጨረሻ ዋጋን መደበቅ ሌላ ነው፤ ምን ለመግዛት እንደመጣን ለራሳችን ሰዎች መደበቅ ደግሞ ሌላ ነው። ኅብረቱ የድርድር መመሪያውን በሜይ 2017 ለሕዝብ ይፋ አድርጎ የአቋም ጽሑፎቹንም በተከታታይ እያወጣ፣ በድርድሩ ጠረጴዛ ላይ ግን ምንም አልተጎዳም። ሃያ ሰባቱ አባል አገሮች አስቀድመው ስለተመካከሩ አንድ ድምፅ ይዘው ቆሙ። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» እንዲሉ፣ የብሪታንያ ጉዳይ ከአያያዙ ነው የተቀደደው።

የአየርላንድ ድንበር ጉዳይ ለዚህ ከሁሉ የከፋው ማስረጃ ነው። የብሪታንያ አካል በሆነችው በሰሜን አየርላንድና የኅብረቱ አባል በሆነችው በአየርላንድ ሪፐብሊክ መካከል ያለው ድንበር ወደ 500 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ከ200 በላይ መንገዶችም ያቋርጡታል። ከ1998 የሰላም ስምምነት በኋላ የፍተሻ ኬላዎቹና ወታደራዊ ጣቢያዎቹ ጠፍተው፣ ገበሬው ወተቱን፣ ተማሪው ደብተሩን ይዞ ሳይቆም ያልፋል። ሕዝበ ውሳኔው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሁለቱ የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች ጆን ሜጀርና ቶኒ ብሌር፣ ከተቃራኒ ፓርቲዎች የመጡ ቢሆኑም፣ አብረው ወደ ሰሜን አየርላንዷ ከተማ ዴሪ ሄደው ይህን ሰላም አስታውሱ ብለው ተናግረዋል። በእንግሊዝ የነበረው ክርክር ግን ነገሩን እንደ ሩቅ ሰው ጉዳይ አልፎት ሄደ። ሒሳቡ ቀላል ነበር፦ ከጉምሩክ ኅብረቱ ከተወጣ ፍተሻ አንድ ቦታ መኖሩ አይቀርም፤ ወይ በየብስ ድንበሩ ላይ፣ ወይ በአየርላንድ ባሕር ላይ፤ ፍተሻው ጨርሶ አያስፈልግም ከተባለ ደግሞ መላው ብሪታንያ የኅብረቱን ደንብ መከተል አለበት። ከሦስቱ አንዱን መምረጥ ግዴታ መሆኑን ለሕዝቡ አስቀድሞ የነገረው ስላልነበረ፣ ምርጫው ሲመጣ ሁሉም ተከዳሁ አለ።

በ2019 መጀመሪያ ላይ የፓርላማው ክርክር ምን ይመስል እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ጃንዋሪ 15 ቀን ሜይ ከኅብረቱ ጋር የደረሱበት የመውጫ ስምምነት 432 ለ202 በሆነ ድምፅ ወደቀ። ማርች 27 ቀን አባላቱ ስምንት አማራጮች ቀርበውላቸው አንዱም አብላጫ ድምፅ አላገኘም። ኤፕሪል 1 ቀን በጉምሩክ ኅብረት የመቆየት ሐሳብ 276 ለ273፣ በሦስት ድምፅ ብቻ ተሸነፈ። በእኔ እምነት እነዚያ ቀናት የብሪታንያ ፓርላማ ከሠራባቸው ቀናት ሁሉ የሚከበሩ ናቸው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አማራጮቹ ጎን ለጎን ተቀምጠው ታይተዋልና። የሚያሳዝነው የመጡት ቀነ ገደቡ ደጃፍ ላይ ከደረሰ በኋላ መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን አላረዝመውም፤ አገሪቱ ጃንዋሪ 31 ቀን 2020 ወጣች፣ የንግድና የትብብር ስምምነቱም በዚያው ዓመት በገና ዋዜማ ተጠናቀቀ፤ ተግባራዊ ሊሆን የቀረው ከአንድ ሳምንት ብዙም አይበልጥም ነበር።

ይህ ሁሉ ወደ እኛ ሱቅና ቤት በምን በኩል ገባ? በስደት ወደ ስዊድን ወይም ወደ ኔዘርላንድ ሄደው ዜግነት ካገኙ በኋላ ወደ ለንደን የተዛወሩ የአገራችን ልጆች፣ በአንድ ጊዜ ለመኖሪያ ፈቃድ ማመልከት ያለባቸው ሰዎች ሆኑ። መጀመሪያ ላይ በተንቀሳቃሽ ስልክ ፓስፖርታቸውን እንዲያነቡበት የተሰጣቸው መተግበሪያ በአይፎን አይሠራም ነበር፤ ባለ አንድሮይድ ዘመድ ፍለጋ እናቶች ከቤት ወደ ቤት የሄዱበትን ጊዜ አንረሳውም። ከጸደቀም በኋላ በእጃቸው የሚይዙት የመታወቂያ ካርድ አልተሰጣቸውም፤ ፈቃዱ በኮምፒውተር ላይ ብቻ የሚታይ ነው።

በንግዱ በኩል ደግሞ ጥሬ ጤፍ ከኢትዮጵያ እንዳይወጣ ለረዥም ጊዜ ተከልክሎ ስለቆየ፣ ከአባሎቻችን ብዙዎቹ ዱቄቱን ከኔዘርላንድ ያስመጡ ነበር፤ የሚያስፈልገውም ደረሰኝና መኪና ብቻ ነበር። ዛሬ ለአንዲት ፓሌት ዲክላራሲዮን ይሞላል፣ ለጉምሩክ አስተላላፊ ይከፈላል፤ ከቀረጥ ነጻ እንዲሆንም ላኪው የስሪት አገሩን የሚገልጽ ማረጋገጫ መስጠት አለበት። እዚያው የበቀለው ጤፍ በስምምነቱ ይጠቀማል፤ ከሌላ አገር ገብቶ እዚያ የታሸገው ብቻ ግን አይጠቀምም። የአበባውም ታሪክ ተመሳሳይ ነው። ከኢትዮጵያ በቀጥታ ወደ ብሪታንያ የሚገባ ጽጌረዳ ቀረጥ የለበትም፤ ያው ጽጌረዳ በኔዘርላንድ የጨረታ ገበያ በኩል ዞሮ ሲመጣ ግን 8 በመቶ ይጠየቅበት ነበር፣ ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ መንግሥት ለጊዜው እስኪያነሣው ድረስ። ባቱና ሆለታ የለፋች ሠራተኛ የቆረጠችው አበባ ላይ የተጣለውን ይህን ቀረጥ፣ በ2016ቱ ክርክር ውስጥ ያነሣ ሰው አልሰማሁም።

አሁን ወደ ዛሬው ጉዳይ ልምጣ። ሜይ 19 ቀን 2025 ለንደን ላይ በተደረገው የመሪዎች ጉባኤ፣ ብሪታንያና ኅብረቱ በምግብ፣ በእንስሳትና በዕፅዋት ጤና ጉዳይ አንድ የጋራ ስምምነት ለማድረግ መንገድ ጀምረዋል። ስምምነቱ ከተፈረመ ከአውሮፓ የሚመጣ አብዛኛው የምግብ ዕቃ የጤና ምስክር ወረቀትና የድንበር ፍተሻ አይጠየቅም፤ ይህ ከኔዘርላንድና ከጣሊያን ትኩስ ዕቃ ለሚያመጡ አባሎቻችን ትልቅ እፎይታ ነው። በምላሹ ግን ብሪታንያ በዚህ ዘርፍ የኅብረቱን ደንብ፣ ደንቡ በተለወጠ ቁጥር፣ እየተከተለች ትሄዳለች፤ ደንቡ ሲወጣ አስተያየት ትሰጣለች እንጂ ድምፅ አይኖራትም።

ታዲያ በርበሬና ሰሊጥ ከኢትዮጵያ በቀጥታ የምታስመጡ አባላት ይህን ልብ በሉ። ኅብረቱ የኢትዮጵያን ቅመማ ቅመም አፍላቶክሲን በተባለ የሻጋታ መርዝ፣ ሰሊጧን ሳልሞኔላ በተባለ ተሕዋስ ሥጋት የተነሣ ጥብቅ የድንበር ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል። ነገ በብራስልስ የሚጠብቀው ደንብ በእንግሊዙ የፊሊክስቶው ወደብም ሊጠብቅ ይችላል። እንግዲህ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት አባላት ጥቅማቸው አንድ አይደለም፤ አንዱን የሚያሳርፈው ስምምነት ሌላውን ወጪ ሊያስወጣው ይችላል። ይህን ልዩነት ሸፍነን «ማኅበሩ ስምምነቱን ይደግፋል» ወይም «ይቃወማል» የሚል አንድ መስመር ጽፈን ብንልክ፣ አገሪቱ በ2016 ያደረገችውን በትንሹ መድገም ይሆንብናል።

ስለዚህ የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ለጉባኤው የሚያቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። ከምሳ በኋላ ከአውሮፓ የሚያስመጡና ከኢትዮጵያ በቀጥታ የሚያስመጡ አባላት በየፊናቸው ተወያይተው፣ ከስምምነቱ የሚፈልጉትንና ለዚያ ሲሉ ሊሸከሙ የሚችሉትን ወጪ ለይተው በጽሑፍ ያቅርቡ። ሁለቱም ጽሑፎች ሳይቀላቀሉና ሳይለዝቡ ለንግድ ሚኒስቴሩና ለየአካባቢያችን የፓርላማ አባላት ይላኩ። የአገር ቤት አምራቾች የላቦራቶሪ ምርመራቸውን እንዲያሻሽሉ የሚረዳ ድጋፍ ከብሪታንያ መንግሥት እንዲጠየቅም ጉባኤው ይወስን። ድርድሩ ሳያልቅ፣ በሩም ሳይዘጋ ይህን ለማድረስ ጊዜ አለን።

የውሳኔ ሐሳቡ ረቂቅ በየመቀመጫችሁ ላይ ተቀምጧል። አንብባችሁ እንድትሞግቱት እየጠየቅሁ፣ ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤያችን በይፋ መከፈቱን በአክብሮት አስታውቃለሁ።