ጉንጫችሁ ውስጥ ከመግባቱ በፊት

ውድ እህቶቼ፣ እንደምን አመሻችሁ። እዚህ አሜሪካ የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ነኝ። የጠራችሁኝ ስለ ጉንጭ ማስሞላት እንድነግራችሁ ነው። ልሠራ ወይስ ይቅርብኝ የሚለውን እናንተ ታውቃላችሁ፤ ፊቱ የእናንተ ነው። የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሐኪሙን "የምታስገባልኝ ምንድን ነው? ካልተስማማኝስ እንዴት ይወጣል?" ብላችሁ ጠይቁት።

ይህን በእጄ የያዝኩትን ተመልከቱ። ጠጣር ሲሊኮን ነው። ስትጫኑት ይለመጣል፣ ስትለቁት ይመለሳል። ልሙጥ ስለሆነ ሥጋ አይነክሰውም። ሰውነት ዙሪያውን በስስ ሽፋን ይከበዋል። ስለዚህ ቦታውን ሊስት ይችላል። ይውጣ ከተባለ ግን በገባበት በኩል ማውጣቱ ብዙ አያስቸግርም።

ይኼኛው ነጩ ፖሊኢትሊን የሚባል የፕላስቲክ ዓይነት ነው። እንደ እንጀራ ዓይን አለው፣ በጣም ደቃቅ ዓይን። በዚያ ውስጥ ሥጋና የደም ሥር ይበቅላል። ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ አይልም። ደስ ይላል አይደል? ኢንፌክሽን ይዞት መውጣት ያለበት ቀን ግን ከሥጋ ጋር ተሰፍቶ ይጠብቃል። ሐኪሙ ቀስ እያለ ይፈለቅቀዋል። አንዳንዴ እየተሰበረ ነው የሚወጣው።

ሁለቱም ብዙ ጊዜ የሚገቡት በአፍ በኩል ነው። ከላይኛው ድድ ከፍ ብሎ ይከፈትና እስከ ጉንጭ አጥንት ይደረሳል። ጠባሳው አይታይም፤ ነገር ግን አፍ የጀርም ቤት ነው። ከዓይን ሥር የሚወጣ ነርቭም እዚያው አጠገብ አለ። እሱ ከተነካ ጉንጭና የላይኛው ከንፈር ይደነዝዛል።

"ከራሴ ሰውነት ይሁንልኝ" የምትሉም አላችሁ። ስብ ከሆድ ወይም ከጭን ተስቦ ይወጋል። ጀርመናዊው ሐኪም ጉስታቭ ኖይበር ከክንድ የወሰደውን ስብ ፊት ላይ የተጠቀመው በ1893 እ.ኤ.አ. ነው። የራስ ስለሆነ ሰውነት አይጠላውም። ምን ያህሉ እንደሚተርፍ ግን ቀድሞ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ስትወፍሩም አብሮ ሊወፍር ይችላል።

ሃያሉሮኒክ አሲድ የሚባለው ፊለር፣ ማለትም በመርፌ የሚሰጥ መሙያ፣ የሚያሟሟው ሌላ መርፌ አለው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም በስህተት የደም ሥር ውስጥ ከገባ ዓይን እስከማሳወር ይደርሳል።

በጣም የምፈራላችሁ ፈሳሽ ሲሊኮንን ነው። እንዲህ ያለ ነገር ቀድሞም ታይቷል፤ በ1899 እ.ኤ.አ. ቪየና ውስጥ ሮበርት ጌርሱኒ የተባለ ሐኪም ፓራፊን የሚባል ሰም መሰል ነገር በመርፌ መስጠት ጀመረ። ብዙዎች ተከተሉት። ኋላ ፓራፊኑ ጓጎለ፣ ከቦታው ተንሸራተተ፣ ፊት አበላሸ። ዛሬም በሰው ሳሎን ውስጥ ፈሳሽ ሲሊኮን የሚወጉ አሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለፊትም ሆነ ለሰውነት ማስዋቢያ አልፈቀደውም። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም እንደሚባለው፣ ሥጋ ውስጥ ከተበተነ ለቅሞ የሚጨርሰው ሐኪም የለም። እባካችሁ፣ ርካሽ ነው ብላችሁ እንዳትሄዱ።

ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ፓኬቱን ስንከፍት ስሙ፣ መጠኑና የምርት ቁጥሩ ያለበትን ስቲከር ልጠን ፋይላችሁ ላይ እንለጥፋለን። የእሱን ኮፒ ጠይቁና ቤታችሁ አስቀምጡ። ከዓመታት በኋላ ሌላ ሐኪም ሲያያችሁ መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው። አሁን ናሙናዎቹን ላዙርላችሁ፤ በጣታችሁ ጫን ጫን እያደረጋችሁ እዩአቸው።