ከአንድ ሥር ሁለት ቀለም

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የማወራው በሰሜን አውስትራሊያ፣ በአርነም ላንድ፣ ማኒንግሪዳና አካባቢዋ ያሉ የአቦርጂናል፣ ማለትም የአገሩ ነባር ሕዝብ ሴቶች ፓንዳነስ ከሚባል ዛፍ ቅጠል ስለሚሠሩት ከረጢት ነው። ሰው ሲያየው ዓይኑ የሚያርፈው ጥለቱ ላይ ነው። እኔ ግን ሥራው የሚያምረውም የሚበላሸውም ገና ድርና ማጉ ሳይገናኙ ይመስለኛል።

ከዛፉ የሚፈለገው ከአናቱ መሃል የሚወጣው ለጋ ቅጠል ነው። በረጅም መንጠቆ ይዘው ወደ ታች ይስቡታል። የዳር ዳሩ ያረጀ ስለሆነ ይሰበራል። ቅጠሉ በሁለቱም ጠርዝ፣ ከጀርባውም መሃል ለመሃል፣ እንደ መጋዝ ጥርስ የተደረደረ እሾህ አለው፤ እሱ ይገፈፋል። ከባዱ ከዚህ በኋላ ነው። ቅጠሉን በቁመቱ መተልተል ብቻ አይበቃም፤ ውፍረቱም ለሁለት ይሰነጠቃል። በአውራ ጣት ጥፍር ጫፉን ከፈት አድርጎ፣ የላዩንና የታቹን ገጽ እኩል እየሳቡ ማላቀቅ ነው። አንደኛው እጅ ከበረታ አንዱ ወገን እየሳሳ ሄዶ ይበጠሳል። ደግሞም እርጥብ እያለ መሆን አለበት፤ ከደረቀ አይላቀቅም።

ቀለሙን ስሙኝማ። ቢጫው ከአንድ ቁጥቋጦ ሥር ይገኛል፤ ሥሩ ተቆፍሮ፣ ተፍቆ፣ ከቅጠሉ ጋር ይቀቀላል። በዚያው ቢጫ ውሃ ላይ አመድ ሲጨመርበት ወደ ቀይ ይዞራል። ማቅለሚያው አልካሊ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ የሆነ ነገር፣ ሲያገኝ ስለሚለወጥ ነው፣ አመድ ደግሞ አልካሊ ነው። ይህን ያወቁ ሴቶች ቤተ ሙከራ አላስፈለጋቸውም፤ እኔ ይህ ነገር ሁሌም ያስደንቀኛል።

ሲሠራ ድሩ ከከረጢቱ ቂጥ እንደ ጨረር ይዘረጋል። ሁለት ማግ እያንዳንዱን ድር ከፊትና ከኋላ አቅፈው፣ እርስ በርስ እየተጠማዘዙ ይዞራሉ። ሆዱ ሲሰፋ አዲስ ድር ካልተጨመረ መሃሉ ይሳሳል፣ ቅርጹም ይላላል።

በደቡብ አውስትራሊያ፣ ኩሮንግ በሚባለው የባሕር ዳርቻ ያሉት ሌሎች ነባር ሕዝቦች፣ ንጋሪንጄሪዎች፣ ግን የሚሠሩት እኛ ስፌት የምንለውን ነው፤ ሣሩም የቄጠማችን የቅርብ ዘመድ ነው። ከእነሱ መካከል ኢቮን ኩልማትሪ እ.ኤ.አ. በ1997 በጣሊያን በሚካሄደው ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ትርኢት፣ በቬኒስ ቢየናሌ፣ አውስትራሊያን ከወከሉት ሦስት ሴቶች አንዷ ነበሩ። የእነሱ ሣር አያያዝ ከፓንዳነሱ ተቃራኒ ነው፤ መጀመሪያ በደንብ ይደርቃል፣ ሊሰፋ ሲል ተነክሮ ይለሰልሳል። እንደታጨደ ከተሰፋ ውሎ አድሮ ይከሳል፤ ትናንት ጥብቅ ያለው ዙርም ከጎረቤቱ ይላቀቃል።