ሰጪ ጉድለት፣ ነጣቂ ጉድለት

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ «ጉድለት» የሚለውን ቃል ላስብበት። አንድ አቶም እንኳ ያልጎደለው፣ ባዕድ ያልገባበት ዚንክ ኦክሳይድ በክፍል ሙቀት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም ማለት ይቻላል፤ ኤሌክትሮኖቹ ለመላቀቅ 3.3 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ጉልበት ይፈልጋሉ። ከዚሁ ዚንክ ኦክሳይድ የምንሠራው ስሱ ሽፋን ግን የሚያስተላልፈው ጉድለት ስላለበት ነው።

ግን የትኛው ጉድለት? ለዓመታት ውለታው ሁሉ የሚሰጠው ለኦክስጅን ባዶ ቦታ፣ ማለትም የኦክስጅን አቶም ጎድሎ ለሚቀረው ክፍተት ነበር። በኋላ የመጡ ስሌቶች ግን ባዶ ቦታው ኤሌክትሮኖቹን አጥብቆ እንደሚይዝ፣ ሾልኮ የሚገባው ሃይድሮጅን ደግሞ በቀላሉ እንደሚለቅ አሳዩ። እኔ የምተማመነው በአሉሚኒየም ነው፤ የዚንክን ቦታ ሲይዝ አንድ ኤሌክትሮን ይተርፋል። ለ50 ሚሊ ሊትር፣ 0.5 ሞላር ሶሉሽን 5.49 ግራም ዚንክ አሲቴት ዳይሃይድሬትና 0.19 ግራም አሉሚኒየም ናይትሬት ኖናሃይድሬት ከዚንኩ አንጻር 2 በመቶ የአሉሚኒየም አቶም ይሰጣል። ብዙ ከጨመራችሁ ትርፉ በክሪስታሎቹ ድንበር ላይ ተከማችቶ መንገድ ይዘጋል።

ዋናው ጣጣ ያ ድንበር ነው። ሽፋኑ የጥቃቅን ክሪስታሎች ስብስብ ነው። በመገናኛቸው ላይ የአየር ኦክስጅን ተለጥፎ ኤሌክትሮን ይነጥቅና ለሚያልፈው ሁሉ ግድግዳ ይሆናል።

በቂሊንጦና በአቃቂ በኩል ለምትሠሩ፦ ከፍታውን አትውቀሱ። የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ የባዶ ቦታ ብዛት ግን የሚከተለው የኦክስጅን ግፊትን ስድስተኛ ሥር ስለሆነ ልዩነቱ 5 በመቶ ገደማ ነው። ይልቅ ፀሐዩን ጠርጥሩ! መስኮት አጠገብ የዋለ ናሙና ከጨለማው ይልቅ ያስተላልፋል፤ አልትራቫዮሌት ብርሃን የተለጠፈውን ኦክስጅን ያስለቅቃላ።

ስለዚህ ናሙናውን በጨለማ አሳድራችሁ በአራት መርፌ (ሁለቱ ጅረት የሚያሳልፉ፣ ሁለቱ ቮልቴጅ የሚያነቡ) ለኩ፤ መርፌዎቹ ከጠርዝ ይራቁ። በ0.1 ሚሊአምፔር 100 ሚሊቮልት ካነበባችሁ 1,000 ኦም ነው። በአራት መርፌ ልኬት ማባዣ በ4.53 ሲባዛ የሽፋኑ የገጽ ተቃውሞ 4,530 ኦም፣ ለ200 ናኖሜትር ውፍረት ደግሞ የቁሱ ተቃውሞ 0.09 ኦም ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። ቀጥሎ የ365 ናኖሜትር አልትራቫዮሌት መብራት አብሩበት። ንባቡ ወርዶ፣ መብራቱ ከጠፋ በኋላ በሰዓታት ቀስ እያለ ከተመለሰ ነጣቂው ድንበር ላይ ያለው ኦክስጅን ነው። ካልተነቃነቀ ግን ስንጥቅ፣ ውፍረትና የአሉሚኒየሙን ሚዛን መርምሩ።

ድንበሩን ለማጽዳት 5 በመቶ ሃይድሮጅን ባለበት ናይትሮጅን፣ በ400 ዲግሪ፣ 30 ደቂቃ ይበቃል። መውጫ ጋዙን ወደ ውጭ አስወጡት። ምድጃው እስኪቀዘቅዝም ጋዙን አትዝጉ፤ ከ100 ዲግሪ በታች ሳይወርድ በሩ ከተከፈተ ኦክስጅኑ ወዲያው ይመለሳል።