ቤቱ ለማን፣ ጡረታው ለማን

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ሜሪላንድ ውስጥ የግብር ሂሳብ በመሥራት እንደምተዳደር ታውቃላችሁ። በኑዛዜ ስጦታ ለመተው የሚመጡ ደንበኞቼ ለማን እንደሚሰጡ ቆርጠው ይመጣሉ፤ ከየትኛው ሀብታቸው ቢሰጡ እንደሚሻል የሚጠይቀኝ ግን እምብዛም የለም።

ባለፈው ዓመት አንዲት እናት ወረቀቶቻቸውን በፌስታል ቋጥረው ቢሮዬ መጡ። ዕድሜያቸውን አረጋውያንን በመንከባከብ ሥራ አሳልፈው ጡረታ የወጡና ሁለት ልጆች ለወግ ለማዕረግ ያበቁ ናቸው። «ልጄ፣ ቤቱን ለማርያም፣ የጡረታውን ብር ለልጆቼ ብለህ ጻፍልኝ» አሉኝ። ኑዛዜ የሚጽፈው ጠበቃ መሆኑን ነግሬያቸው፣ ሐሳቡን ግን ገልብጠው እንዲያዩት ለመንኳቸው።

አይአርኤ በሚባለው የተለመደ የጡረታ ሂሳብ ውስጥ ያለው ገንዘብ ገና ግብር ያልተከፈለበት ስለሆነ፣ የሚወርሱት አዋቂ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ በ10 ዓመት ውስጥ አውጥተው መጨረስና ባወጡት ልክ የገቢ ግብር መክፈል አለባቸው። እዚሁ አሜሪካ የተቋቋመች ቤተ ክርስቲያን ግን የገቢ ግብር ስለማትከፍል ያንኑ ገንዘብ ሳይሸራረፍ ትረከባለች። ቤቱ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ልጆቹ ሲወርሱት መነሻ ዋጋው እናታቸው በገዙበት ሳይሆን በሞቱበት ዕለት ባለው የገበያ ዋጋ ስለሚያዝ፣ ቶሎ ቢሸጡት የትርፍ ግብር ከሞላ ጎደል አያገኛቸውም። ብዙዎች የሚፈሩት የውርስ ግብር እ.ኤ.አ. በ2026 በፌደራል ደረጃ የሚጀምረው ከ15 ሚሊዮን፣ በሜሪላንድ ደግሞ ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ስለሆነ እሳቸውን አይነካም።

ይህን ሁሉ ካዳመጡኝ በኋላ «ቤቱ እኮ ስለቴ ነው» አሉኝ። እኔ ያሰላሁት ግብሩን ብቻ ነበር። ስለትን በሂሳብ መርታት የእኔ ሥራ አይደለም ብዬ ስለማምን፣ የሁለቱን ሀብት ግምት ጽፌ ሰጥቼ የንስሐ አባታቸውን እንዲያማክሩ ነገርኳቸው። በሁለተኛው ሳምንት ተመልሰው ጡረታው ለማርያም እንዲሆን መወሰናቸውን ነገሩኝ።

ኑዛዜ ቢጻፍም አይአርኤ የሚተላለፈው ሂሳቡን በያዘው ድርጅት ዘንድ በተሞላው የወራሽ ቅጽ ነው። ይህን የማጠብቀው ስላጠፋሁ ነው፤ ከዓመታት በፊት ያንን ቅጽ ሳልጠይቅ በመቅረቴ፣ አንድ ደንበኛዬ ለበጎ አድራጎት የተናዘዙት ገንዘብ ቅጹ ላይ ጥንት ለተመዘገበ ወንድማቸው ሄዷል። ስለዚህ የእናታችንን ቅጽ እዚያው ቢሮዬ ከፈትነው። ቅጹ የቤተ ክርስቲያኗን ሕጋዊ ስምና የግብር መለያ ቁጥር ይጠይቃል፤ እሳቸው ግን «ማርያም» ከማለት በቀር ሌላ ስም አያውቁላትም፣ በአካባቢያችን ደግሞ ማርያም አንዲት ብቻ አይደለችም። ለሰበካ ጉባኤው ሒሳብ ሹም ደወልን። እሱ ዘጠኙን አኃዝ በስልክ ሲያነብ፣ እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ እየደገሙ ጻፉ።