የመኪና ታክስ፦ ቨርጂኒያ ትብሳለች ወይስ ሜሪላንድ?

አዜብ፦ እሺ፣ ጀምረናል። ዳዊት ዛሬ ተናዶ ነው የመጣው። ቡናውን እንኳ አልጨረሰም።

ዳዊት፦ ኧረ አልተናደድኩም። ማስረጃ ይዤ ነው የመጣሁት። ይኸው፣ የመኪና ታክስ ቢል። መኪናውን ስገዛ ታክስ ከፍያለሁ። ቤንዚን ስቀዳ ታክስ እከፍላለሁ። ከዚያ ደግሞ በየዓመቱ ኦክቶበር 5 ሲደርስ “መኪና ስላለህ ክፈል” ይሉኛል። እናንተ ሜሪላንድ ይሄ ነገር የለባችሁም አይደል?

አዜብ፦ የለብንም። ሲልቨር ስፕሪንግ ስንት ዓመት ኖሬ እንደዚህ ያለ ቢል ደርሶኝ አያውቅም።

ዳዊት፦ አየሽ! እኛ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ደግሞ መኪናው ከሚያወጣው ዋጋ በየ100 ዶላሩ 5 ዶላር ከ33 ሳንቲም ነው።

አዜብ፦ ቆይ ቆይ። ወረቀቱን እስቲ አምጣው። ... ዳዊት፣ አንተ እኮ አሌክሳንድሪያ አትኖርም።

ዳዊት፦ እንዴት አልኖርም? ፖስታው ላይ አሌክሳንድሪያ ይላል።

አዜብ፦ እሱ የፖስታ ቤት ነገር ነው። ቢሉን የላከልህ ፌርፋክስ ካውንቲ ነው፤ ይኸው ከላይ ተጽፏል። ካውንቲ ማለት እንደ ወረዳ ያለ የአካባቢ አስተዳደር ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ከተሞቹ ካውንቲ ስር አይደሉም። አሌክሳንድሪያ ከተማ ራሱን የቻለ አስተዳደር ነው፣ ፌርፋክስም እንደዚሁ። የፖስታ አድራሻው ግን ይሄን ድንበር አያውቅም። “አሌክሳንድሪያ ነኝ” የሚል ስንቱ ሀበሻ ፌርፋክስ ውስጥ ነው የሚኖረው።

ዳዊት፦ ስንት ዓመት ሙሉ የማይመለከተኝን ከንቲባ ሳማ ነበር ማለት ነው?

አዜብ፦ (ሳቅ) ነበር። የፌርፋክስ ሂሳብ ደግሞ ከ100 ዶላር 4 ከ57 ነው። መኪናህ 20 ሺህ ዶላር ያወጣል እንበል። አሌክሳንድሪያ ከተማ ቢሆን 1,066 ዶላር ነበር። ፌርፋክስ ግን 914።

ዳዊት፦ እሺ፣ 152 ዶላር አተረፍኩ። አሁንም ግን ተናድጃለሁ።

አዜብ፦ አልተናደድኩም ብለህ አልነበር?

ዳዊት፦ ቢሉ ላይ ደግሞ አንድ መስመር አለች፤ ከስቴት የሚመጣ ቅናሽ ትላለች። እሷ ምንድን ናት?

አዜብ፦ እሷማ ታሪክ አላት። በ1997 ጂም ጊልሞር ለገዥነት ሲወዳደር መፈክሩ በቃ “የመኪና ታክስ ይቅር” ነበር። ሌላ ብዙ ማውራት አላስፈለገውም። ተቃዋሚው ማን እንደነበር ታውቃለህ? ዶን ቤየር። መኪና ሻጭ!

ዳዊት፦ የአሁኑ የኮንግረስ ሰው?

አዜብ፦ ራሱ። መኪና ሻጩ በመኪና ታክስ ምክንያት ተሸነፈ። ጊልሞር ገዥ ከሆነ በኋላ በ1998 ሕጉ ወጣ። ለግል መኪና፣ ከዋጋው በመጀመሪያው 20 ሺህ ዶላር ላይ ያለውን ታክስ ስቴቱ ቀስ በቀስ በዜጋው ፈንታ ለካውንቲው እየከፈለ፣ በ2002 ሙሉ በሙሉ ሊያጠፋው ነበር።

ዳዊት፦ አልጠፋማ።

አዜብ፦ 70 በመቶ ላይ ቆመ። ምክንያቱም ታክሱ የካውንቲ ነው፣ ቃሉን የገባው ግን ስቴቱ ነው። በሰው ድግስ ላይ እንግዳ መጥራት ማለት ነው። ሂሳቡ እያበጠ ሲሄድ በ2004 ሌላ ሕግ አወጡና፣ ከ2006 ጀምሮ በዓመት 950 ሚሊዮን ዶላር ብቻ፣ ከዚያ በላይ አንድ ሳንቲም የለም አሉ። ለየአካባቢው የሚደርሰውንም ድርሻ እንዳይለወጥ አድርገው ወሰኑት።

ዳዊት፦ እና ዛሬም 950 ሚሊዮን ነው?

አዜብ፦ ዛሬም ያው ነው። መኪናው ግን በዝቷል፣ ዋጋውም ጨምሯል። ወጡ አንድ ድስት ነው፣ እንግዳው እየጨመረ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ጭልፋ በየጊዜው እያነሰ ሄደ። በኮቪድ ጊዜ ያገለገለ መኪና ዋጋ ሰማይ ሲነካ ትዝ ይልሃል?

ዳዊት፦ እንዴት ይረሳል! አሮጌዋ ኮሮላዬ ካለፈው ዓመት የበለጠ ዋጋ አወጣች። በሕይወቴ ያየሁት ብቸኛ ተአምር ነው።

አዜብ፦ ተአምሯ ግን ታክስ ይዛ መጣች። በ2022 ፌርፋክስ ሰው እንዳይጮህ ብሎ መኪናን በ85 በመቶ ዋጋው ብቻ ነበር ያሰበው።

ዳዊት፦ እሺ፣ ግን ለምን መኪና? ሌላ የሚታክሱት ነገር አጥተው ነው?

አዜብ፦ እውነቴን ነው የምልህ፣ አዎ፣ አጥተው ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ካውንቲ የሚችለው ስቴቱ የፈቀደለትን ብቻ ነው። “የዲለን ደንብ” ይሉታል። ጆን ዲለን የሚባል የአዮዋ ዳኛ በ1868 የጻፈው ፍርድ ነው። ካውንቲው ተነስቶ ከደመወዝህ ልውሰድ ቢል ሕጉ አይፈቅድለትም። በዋናነት የቀረው ምንድን ነው? ቤትህና መኪናህ። በፌርፋክስ ዋና በጀት ሁለት ሦስተኛ የሚሆነው ገቢ ከቤትና ከመሬት ታክስ ነው የሚመጣው።

ዳዊት፦ እኔ እንኳ ቤት የለኝም፣ ሬንት ነው የምከፍለው።

አዜብ፦ ባለቤቱ ከኪሱ የሚከፍልልህ መሰለህ? ሬንትህ ውስጥ ነው ያለው።

ዳዊት፦ አይ አዜብ፣ ዛሬ ደስታዬን ሁሉ ልትቀሚኝ ነው የመጣሽው።

አዜብ፦ አሁን ደግሞ የእኔን ጉድ ስማ። ሜሪላንድ የመኪና ቢል የለም ብዬሃለሁ። ግን እኔ የምኖርበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ የገቢ ታክስ አለው፤ 3.2 በመቶ። ከስቴቱ ላይ ተጨማሪ ነው። ታክስ የሚታሰብበት ገቢዬ 60 ሺህ ቢሆን ለካውንቲው ብቻ 1,920 ዶላር ይሄዳል።

ዳዊት፦ 1,920! ዝም ብለሽ ትከፍያለሽ?

አዜብ፦ አላየውማ! በየሁለት ሳምንቱ ቼኬ ሳይደርሰኝ በፊት 74 ዶላር አካባቢ ይቆረጣል። ቢል የለ፣ ቀነ ገደብ የለ፣ ፖስታ የለ። ያላየሁት ነገር ምን ያናድደኛል? አንተ ግን ወረቀቱ በእጅህ ይደርስሃል፣ በእጅህ ትከፍላለህ። ለዚህ ነው በመኪና ታክስ ሰው ምርጫ የሚያሸንፈው። በእኛኛው ምክንያት ሰው ሰልፍ ሲወጣ አይቼ አላውቅም።

ዳዊት፦ ጠቅላላውን ብናወዳድረውስ?

አዜብ፦ ትናንት ማታ ቁጭ ብዬ ሠርቼዋለሁ። በዚያው 60 ሺህ ላይ፣ የፌዴራሉን ትተን፣ እኔ ለስቴትና ለካውንቲ ወደ 4,700 እከፍላለሁ። አንተ ቨርጂኒያ ወደ 3,200። ልዩነቱ 1,500 ዶላር ነው። የአንድ መኪና ታክስህን ጨምርበት፣ አሁንም ከእኔ በታች ነህ።

ዳዊት፦ ... ይሄን መቁረጥ ይቻላል? ከኤፒሶዱ ማለቴ ነው።

አዜብ፦ አይቻልም። አሁን ግን ደስ የሚልህን ልንገርህ። ክትፎ።

ዳዊት፦ ክትፎ ሁሌም ደስ ይለኛል።

አዜብ፦ የ25 ዶላር ክትፎ አዘዝክ። ሲልቨር ስፕሪንግ ታክሱ 6 በመቶ ነው፤ 1 ከ50። ዋሽንግተን ዲሲ 10 በመቶ፤ 2 ከ50። አሌክሳንድሪያ ከተማ ደግሞ 6 በመቶ ሴልስ ታክስ፣ 5 በመቶ የምግብ ቤት ታክስ፣ በድምሩ 11። 2 ከ75 ይሆናል።

ዳዊት፦ ፌርፋክስስ?

አዜብ፦ ድሮ 6 ብቻ ነበር። በ2016 ሕዝቡን ምግብ ቤት ላይ ታክስ እንጨምር ብለው በድምፅ ሲጠይቁት እምቢ አለ። በኋላ ስቴቱ ካውንቲዎች ሕዝቡን ሳይጠይቁ መጨመር እንዲችሉ ሕጉን ቀየረላቸው። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ 4 በመቶ ተጨምሯል።

ዳዊት፦ ጠየቁ፣ እምቢ አልን፣ ከዚያ መጠየቁን ተዉት። ይሄ እንኳ የማውቀው አሠራር ነው!

አዜብ፦ (ሳቅ) እኔም ይሄኛው ደስ አላለኝም፣ እውነት ለመናገር። በነገራችን ላይ ከሱቅ ገዝተህ ቤት የምትወስደው እንጀራ ቨርጂኒያ 1 በመቶ ነው፤ ሜሪላንድ ምንም።

ዳዊት፦ ታዲያ ይሄ ሁሉ ብር የት ነው የሚገባው?

አዜብ፦ ትምህርት ቤት። ፌርፋክስ ከዋና በጀቱ ከግማሽ በላይ፣ ሞንትጎመሪም ግማሽ የሚጠጋውን ለትምህርት ቤት ነው የሚሰጠው። የቀረው ፖሊስ፣ እሳት አደጋ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ አውቶቡስ እያለ ይሄዳል። አክስትህ ከተማው ውስጥ አይደለም የሚኖሩት? በምንድን ነው የሚንቀሳቀሱት?

ዳዊት፦ በዳሽ። ከሴፕቴምበር 2021 ጀምሮ አሌክሳንድሪያ ዳሽ አውቶቡስ ነፃ ነው እኮ። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ፌስታሏን ይዛ ትሳፈራለች። አንድም ቀን ካርድ አውጥታ አታውቅም። ሹፌሩን ግን ስትወርድ ትመርቀዋለች።

አዜብ፦ በለው! ያ 5 ከ33 የት እንደሚሄድ አሁን ገባህ?

ዳዊት፦ እኔ እኮ እሱን አልከፍልም፣ ፌርፋክስ ነኝ። አንቺ ነሽ ያልሽኝ።

አዜብ፦ እሺ፣ ተሸነፍኩ። አሁን አንድ የአድማጭ መልእክት አለ። ኡበር የሚነዳ ወንድማችን ነው። “ጓደኛዬና እኔ አንድ ዓይነት መኪና ነው ያለን፣ ለምን የእኔ ቢል እጥፍ ሊሆን ደረሰ?” ይላል።

ዳዊት፦ ይሄን እኔ ልመልስ፣ ደርሶብኛል። ያቺ የስቴት ቅናሽ ለግል መኪና ብቻ ናት። በዓመት ከነዳኸው ማይል ከግማሽ በላዩን የሥራ ወጪ ብለህ ለፌዴራል ታክስ ካስመዘገብክ፣ መኪናህ የሥራ መኪና ነው፣ ቅናሽ የለህም። ኡበር ስነዳ የ40 ሺህ ዶላር መኪና ይዤ ፌርፋክስ ሙሉውን 1,828 ዶላር ከፍያለሁ።

አዜብ፦ እና በዚያ ሂሳብ ከእኔ በላይ ከፍለሃል ማለት ነው። የ1,500ው ልዩነት አለቀ።

ዳዊት፦ አለቀ! አየሽ? ቢሮ የሚሠራ ሰው ቨርጂኒያ ይረክስለታል፤ በመኪናው እንጀራ የሚበላው ሹፌር ግን ቅናሹን ይነጠቃል። ለእኔ ይሄ ፍትሕ አይመስለኝም። የሥራ ወጪ ነው፣ ከገቢህ ላይ ትቀንሰዋለህ ይላሉ። እሺ፣ ይቀነሳል። ግን የተቀነሰው ተመልሶ 1,828 አይሆንም።

አዜብ፦ እዚህ ላይ አልከራከርህም። ለወንድማችን ግን፣ ዘንድሮ ኡበር ካቆምክና መኪናው የግል ከሆነ ለካውንቲው አሳውቅ። ዝም ካልክ የሥራ መኪና እንደሆነ ሊቀጥል ይችላል።

ዳዊት፦ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ትምህርት ቤት ሲሠራም ከዚሁ ነው? ሕንፃው?

አዜብ፦ ሕንፃው በአብዛኛው በቦንድ ነው የሚሠራው።

ዳዊት፦ እኔ ቦንድ ሲባል የማውቀው የሕዳሴ ግድብን ነው።

አዜብ፦ ነገሩ ያው ነው፣ ለመንግሥት ማበደር። እዚህ ግን የሚገዙት በአብዛኛው ባለሀብቶችና የኢንቨስትመንት ድርጅቶች ናቸው። ወለዱ ላይ የፌዴራል ገቢ ታክስ የለም፤ ለዚህ ሲሉ በዝቅተኛ ወለድ ያበድራሉ። የሚመለሰው ግን ከአንተ ታክስ ነው። ለዚህ ነው ፌርፋክስ ከመበደሩ በፊት ሕዝቡን የሚጠይቀው። በኖቬምበር 2025 የትምህርት ቤት ቦንድ ጥያቄ ነበር። ምን አልክ?

ዳዊት፦ እኔ?

አዜብ፦ አንተ። ዜግነትህን ወስደሃል፣ ድምፅ ሰጥቻለሁ ብለህ ተለጣፊዋን ፌስቡክ ላይ ለጥፈሃል። አይቻለሁ።

ዳዊት፦ ሰጥቻለሁማ። ለገዥ ሰጥቻለሁ፣ ለሌሎቹም ሰጥቻለሁ። ... ወረቀቱ ጀርባ ነበረው እንዴ?