ጃፓኖች ለምን ከመሥሪያ ቤታቸው አይለቁም?

ሰላም ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ! የእስያ ኩባንያዎች ጎበዝ ሠራተኛ እንዴት አድርገው ነው የሚይዙት? ዛሬ ጃፓን እንሂድ።

እቁብ የማያውቅ የለም አይደል? አንድ ለየት ያለ እቁብ አስቡልኝ። ዕጣ የሚባል ነገር የለውም። ተራው በዕድሜ ነው። ወጣቱ በየወሩ ይጥላል፣ ይጥላል፣ አሁንም ይጥላል። የሚደርሰው ፀጉሩ ሲሸብት ነው። መሃል ላይ ትቶ የወጣስ? የጣለው እዚያው ይቀራል! 10 ዓመት ከጣላችሁ በኋላ ትወጣላችሁ? እኔ በበኩሌ አልወጣም።

የጃፓን ትልልቅ ኩባንያዎች የቆየ የደሞዝ ሥርዓት እንዲህ ነው። ኔንኮ ይባላል። ተመራቂው በፈረንጆቹ ኤፕሪል 1 ይገባል፣ በትንሽ ይጀምራል፣ በቆየ ቁጥር ያድጋል። የስንብት ክፍያውም አብሮ ያድጋል። በፈቃዱ ቶሎ የለቀቀ ይቀነስበታል። በቃ፣ ይኸው ነው።

አሁን ብዙዎቻችሁ የጻፋችሁልኝ ነገር አለ። «ጃፓኖች ታማኝነት በደማቸው ነው» ብላችኋል። እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። ከ100 ዓመት በፊት የጃፓን ፋብሪካዎች ራስ ምታት ምን ነበር መሰላችሁ? ባለሙያ አልቀመጥ ማለቱ! ጎበዙ ሠራተኛ ሙያውን ይዞ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይዞር ነበር። በቆይታ የሚጨምር ደሞዝ የመጣው እሱን ለማስቀመጥ ነው። የዕድሜ ልክ ሥራ የሚባለውም፣ ማለትም እስከ ጡረታ አንድ ኩባንያ ውስጥ መቆየት፣ በአብዛኛው ውል ላይ አልተጻፈም። ቶዮታን እዩት። በ1950 እ.ኤ.አ. ገንዘብ አጠረውና ሠራተኛ ልቀንስ አለ። ሠራተኛው አድማ መታ። መሥራቹ ኪኢቺሮ ቶዮዳ ራሱ ከፕሬዚዳንትነት ወረደ። ይህን ሁሉ ትግል «ባህላቸው ነው» ብሎ ማለፍ እነዚያን ሠራተኞች መበደል ይመስለኛል።

ቻይና ደግሞ ሌላ ነው። ሁዋዌ ለሠራተኞቹ አክሲዮን ይሰጣል። መሥራቹ ሬን ዠንግፌይ የያዘው ድርሻ 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ስለሱ ሌላ ቀን በሰፊው እንመለሳለን።

ወደ እቁባችን እንመለስ። አዲስ ጣይ ካልገባ እቁቡ ምን ይሆናል? ጃፓን ውስጥ ወጣቱ እያነሰ ነው። ስለዚህ ኩባንያዎቹ ይሻሙበታል። የዩኒክሎ ልብስ ባለቤት ፋስት ሪቴይሊንግ በ2023 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ደሞዝ እስከ 40 በመቶ ጨመረ። በወር 255,000 የን ይጀምር የነበረው አዲስ ተመራቂ 300,000 ሆነለት። ለዚህ ልጅ እቁቡ ገና በገባበት ዓመት መድረስ ጀመረ ማለት ነው።

በሚቀጥለው የኮሪያውን የሳምሰንግ መግቢያ ፈተና አመጣላችኋለሁ። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አሁኑኑ አድርጉ፣ እንዳያመልጣችሁ!