አልጋቸውን ለለቀቁልን ሰዎች

ክቡራን እንግዶች፣ ከዘጌ የመጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ ዛሬ የአስጎብኚነት ምስክር ወረቀት የምትቀበሉ ልጆቼ፣ እንደምን ዋላችሁ!

የመዝጊያ ንግግር አዘጋጅ ተብዬ ነው የመጣሁት። ብዙዎቻችሁን ጂኦግራፊ አስተምሬያችኋለሁ፤ ጠባዬን ታውቃላችሁ። ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። እንግዳ ገበሬ ቤት አሳድራችሁ የገበሬውን ድርሻ የምታስቀሩ ከሆነ፣ ይህንን ወረቀት ባትቀበሉ ይሻላል።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ልንገራችሁ። ሰሌዳ ላይ ስስለው የኖርኩትን የዝናብ ደን ካፋ ሄጄ አየሁት። እኛ ጎጃም ውስጥ ደን የምንለው አብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የቀረው ነው። መሀሉ ዛፍ፣ ዙሪያው እርሻ። ከቦንጋ ወጣ ብሎ እኔ ያረፍኩበት መንደር ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ መሀሉ ጓሮ፣ ዙሪያው ዛፍ። ስንደርስ መሽቷል፣ ዝናቡም አላባራም። ባልና ሚስቱ አልጋቸውን ለቀቁልኝና እነሱ ከልጆቹ ጋር መደብ ላይ ተኙ። ኧረ አይሆንም ብል ማን ሰምቶኝ! በኮባ ተጠቅልሎ የተጋገረ ቆጮ ከጎመን ጋር ቀረበ፣ ማር መጣ፣ ቡና ተፈላ። እማወራዋ አማርኛ ብዙም አትናገርም፤ የምትማረዋ ልጇ ናት መሀላችን ሆና ስታስተረጉም ያመሸችው።

በማግስቱ አባወራው ጫካ ይዞኝ ገባ። ቡና የሚለቀምበት ሰሞን ነበር። የጫካ ቡና እንደ ጓሮ ቡና ቁጥቋጦ አይደለም፤ ብርሃን ፍለጋ ቀጥኖ ይረዝማል፣ ፍሬውም ትንሽ ነው። ከሥር መሬቱን ይዞ ኮረሪማ ይበቅላል፤ ጥምዝ የሚባለው ቅመም የዛፉን ግንድ ታክኮ ይወጣል። ከላይ ጉሬዛዎች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላሉ። ቀፎው ደግሞ ሰው በገመድ ካልወጣ የማይደርስበት ላይ ተሰቅሏል። ሰውየው አንድ ትልቅ ዛፍ በመዳፉ መታ መታ አደረገና፣ «መምህር፣ ይኼን ብቆርጠው እኮ ቡናው አብልጦ ይሰጠኝ ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው። ጥላው ሲሳሳ ቡና ምርቱ ይጨምራል። ደኑም የሚያልቀው እንደዚያ ነው፤ ዛሬ አንድ ዛፍ፣ ከርሞ አንድ ዛፍ፣ ከዚያ የቡና ማሳ ብቻ ይቀራል።

«ታዲያ ለምን አልቆረጥከውም?» አልኩት።

«ቀፎዬን የት ልስቀል? ደግሞ እንግዳውም ይኼን ሊያይ ነው የሚመጣው ይሉናል። ከእንግዳው ያገኘሁት ግን ሳሙናና ስኳር ነው።»

ክው አልኩ። ጉዞውን ካዘጋጀው ድርጅት የተቀበልኩት ደረሰኝ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ከመኪናና ከአስጎብኚ ክፍያ ቀጥሎ «ለአስተናጋጅ ቤተሰብ» የሚል መስመር አለው፣ ከጎኑ ብር ተጽፏል። ቤት ስንመለስ ለልጅቷ ሰጠኋት። ጮክ ብላ ለአባቷ አነበበችለት። ድገሚው አላት። ደገመችው። እናቷ ምጣዱን ትታ መጣችና በቋንቋቸው ጠየቀቻት፤ ለሷም እንደገና አነበበችላት። ከኔ በፊት ስንት እንግዳ እዚያ አልጋ ላይ እንደተኛ አስቡት።

ስመለስ ድርጅቱ ቢሮ ሄድኩ። አንዱ ኃላፊ ምን አለኝ? «ገበሬው ገንዘብ ከለመደ ይበላሻል።» ይበላሻል! ለመሆኑ የተበላሸው ማን ነው? አልጋውን ለቆ መደብ ላይ የተኛው ወይስ በሰው አልጋ ነግዶ ሳሙና የላከው? የገበሬው ልጅ ደብተር አያስፈልጋትም? ሚስቱ አትታመምም? እናንተ ደመወዝ ስትቀበሉ የምትበላሹ ናችሁ?

እኛ ጎጃሞች ደግሞ ይህን ነገር ከማንም በላይ ልናውቀው ይገባል። አገራችን ስንት ተማሪ ከሩቅ እየመጣ ቅኔ የሚቆጥርባት ናት። «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ደጅ የቆመን ልጅ እናቶቻችን ቁራሽ ሳይሰጡት አይመልሱም። መሽቶበት የመጣን መንገደኛ እግሩን አጥበው ያሳድራሉ። እሱ የእግዜር እንግዳ ነው፤ ማንም አይነግድበትም። ቱሪስቱ ግን ከፍሎ የመጣ ነው። የከፈለውን መንገድ ላይ አስቀርቶ እናትየዋን «እንግዳ ተቀባይ ሕዝብ» እያሉ ማሞገስ ስሙ ሌብነት ነው። ሌላ ስም አልሰጠውም!

አሁን ወደ ደጃችን እንምጣ። ካፋ በ2002 ዓ.ም.፣ ጣና በ2007 ዓ.ም. የዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ፣ ማለትም ተፈጥሮውና ነዋሪው አብረው የሚጠበቁበት ቦታ፣ ሆነው ተመዝግበዋል። ደስ ይላል። ግን ዘጌ ላይ ምን እናደርጋለን? እንግዳውን በጀልባ ወስደን የኡራ ኪዳነ ምሕረትን ገዳም አሳይተን ለምሳ ባሕር ዳር እንመልሰዋለን። የዘጌን የዛፍ ጥላ ያቆዩት ሰዎች በጥንቱ ሥርዓት በሬ ጠምደው አያርሱም፤ ኑሯቸው ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ነው። ቡና ሲከስር እንጨት ቆርጦ በታንኳ ለከተማ መሸጥ ይመጣል። እንግዳ አንድ ሌሊት እነሱ ጋ ቢያድርና ሒሳቡ በእጃቸው ቢገባ፣ ዛፉ ሳይቆረጥ የሚቆምበት ሌላ ምክንያት ያገኛል። የካፋው ሰውዬ ያለኝ ይህንኑ ነው።

ስለ ንጽሕና፣ ስለ አንሶላና ስለ መጸዳጃ ቤት በሥልጠናው ተምራችኋል፤ አልደግመውም። ሳታስፈቅዱ ልጆችን ፎቶ አታስነሱ። ሌሊት ጫካ የምትገቡ ከሆነ የሰፈሩን ሰው ያዙ።

ዋጋውን በተመለከተ ግን ዛሬ ሳንለያይ ይቆረጥ። አንድ አዳር ስንት ነው፣ እራት ስንት ነው፣ ጫካ ይዞ የሚገባው ሰው ስንት ያገኛል? እንግዳው ሳይሄድ፣ በአባወራውና በእማወራዋ እጅ፣ ፊርማቸው ባለበት ደረሰኝ ይከፈል። አዘጋጆቹ ወረቀቱን አምጥተዋል። የዘጌ ሰዎች ከኋላ ነው የተቀመጡት፤ እባካችሁ ወደ ፊት ኑ። ማይኩ የእናንተ ነው፣ ዋጋውን እናንተ ተናገሩ፤ እኔ እጽፋለሁ።